ፊልም እየወደድኩ ኮሚክ መሥራት ለምን አቃተኝ?

ይህን የምጽፈው የሳይንስ ፊክሽን ፊልም አይቶ ሲጨርስ እጁ እርሳስ ለሚፈልግ ሰው ነው። በተለይ ደግሞ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ፣ ጀምሮ መሃል ላይ ለተወ ሰው። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ታሪክ ሳያልቅ ቀርቷል። በመሃሉ እጄን ታመምኩ፤ የሠራሁትም ጠፋብኝ። አሁን በእጄ ያለው የተጠናቀቀ ኮሚክ ስምንት ገጽ ብቻ ነው። ግን አልቋል፤ ሰውም አንብቦታል። ከዚያ ወደዚህ እንዴት እንደመጣሁ ብነግራችሁ ቢያንስ አንዱን ዓመት ታተርፋላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የጀመረው በልጅነቴ ነው። የጠፈር መርከብ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ሲያልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ሌላው ሰው ማን እንዳሸነፈ ያያል። እኔ የማየው በሩ እንዴት እንደሚከፈት፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ቱቦዎች ወዴት እንደሚሄዱ፣ የሠራተኛው ጓንት የት ጋ እንደተበላ ነበር። ፊልሙን አቆምና ስክሪኑ ላይ የቀረውን እስላለሁ። አጫውታለሁ፤ እንደገና አቆማለሁ። የሁለት ሰዓት ፊልም አንድ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

በዚህ መንገድ ብዙ ተምሬአለሁ። አንድ ነገር ግዙፍ እንዲመስል ከፈለጋችሁ አጠገቡ ትንሽ ሰው አስቀምጡ። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ሳትወስኑ መስመር አትጀምሩ። ልምምዱን ዛሬም ለማንም እመክራለሁ፤ ልምምድ እስከሆነ ድረስ። የሌላ ሰው መርከብ ወይም የጠፈር ልብስ ገልብጦ የራስ ነው ብሎ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ስትገለብጡ ከሥዕሉ ጎን «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ መልሱን ጻፉ። በኋላ የራሴን ነገር ለመፍጠር የጠቀመኝ ያ መልስ ነው። እኔ ግን መጻፍ የጀመርኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ካደግኩ በኋላ አሮጌዎቹን ፊልሞች መፈለግ ጀመርኩ። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1902 ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጉዞ አጭር ፊልም ሠርቶ ነበር። ሜሊየስ ራሱ መድረክ ላይ ምትሃት የሚያሳይ ሰው ነበር። ሮኬቷ የጨረቃን ዓይን ወግታ የተሰካችበትን ሥዕል ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ከመቶ ዓመት በላይ በሰው አእምሮ ውስጥ የቆየው አንድ የቆመ ሥዕል ነው። ያኔ ይህ ነገር ምን እየነገረኝ እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚያ የራሴን ታሪክ ልሥራ አልኩ። ፊልም ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው ይጠይቃል። ኮሚክ ግን ወረቀትና እርሳስ ካለ ይበቃል ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። ኮሚክን የወሰድኩት አቅም ያነሰው ሰው እንደሚሠራው ፊልም አድርጌ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፊልም ሠሪዎች ራሳቸው ወደ ኮሚክ ሰዎች ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ለወጣው «ኤሊየን» የጠፈር ልብሶቹን ከነደፉት አንዱ ፈረንሳዊው የኮሚክ ሠዓሊ ዣን ዢሮ ነው፤ ሞቢየስ በሚለው የብዕር ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ኮሚክ የራሱ ቋንቋ ያለው ጥበብ ባይሆን ኖሮ ማንም እሱን ፍለጋ አይሄድም ነበር።

ዕቅዴ አራት መቶ ገጽ ነበር። አምስት ፕላኔቶች፣ ሦስት ጦርነቶች፣ የሁለት ሥርወ መንግሥታት ታሪክ። አንደኛውን ዓመት ሙሉ የጨረስኩት ዓለሙን በመፍጠር ነው። ካርታ ሣልኩ። የቀን መቁጠሪያ አወጣሁ። የመርከቡ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ አስራ አራት ገጽ ጻፍኩ። ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። ግን በዚያ ዓመት ውስጥ አንድም የኮሚክ ገጽ አልሣልኩም። ዓለም መፍጠር ከሥራው ለመሸሽ በጣም ምቹ ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ሥራ ይመስላል። አሁን ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አለ፦ ታሪኩ ውስጥ የሚታይ ካልሆነ ከአንድ ገጽ በላይ ማስታወሻ አልጽፍለትም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ መሣል ጀመርኩ። የመርከቧ ማረፍ ብቻ አስራ አንድ ገጽ ወሰደ። መርከቧ ከሩቅ ትታያለች፤ ትንሽ ትቀርባለች፤ ደግሞ ትንሽ። በሩ ሩብ ይከፈታል፤ ግማሽ ይከፈታል፤ ሙሉ ይከፈታል። ጭንቅላቴ ውስጥ ካሜራው ይንቀሳቀሳል፤ እጄ ደግሞ ይከተለዋል። እስቲ ሒሳቡን ተመልከቱት። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። የሁለት ሰዓት ፊልም ማለት 172,800 ምስል ነው። የኮሚክ ገጽ ላይ የሚኖራችሁ አምስት ወይም ስድስት ክፈፍ፣ ማለትም በመስመር የተከለለ ሥዕል፣ ነው። እኔ የመረጥኩት ነገር አልነበረም። ሁሉንም ልሥለው ነበር።

ገጽ 43 ላይ ስደርስ ለታናሽ እህቴ አሳየኋት። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ «ሥዕሉ በጣም ያምራል። ግን እስካሁን ማን ምን ፈለገ?» አለችኝ።

ተናደድኩ። «ገና መግቢያው እኮ ነው!» አልኳት። ወደ ክፍሌ ገብቼ ገጾቹን ከመጀመሪያ አገላበጥኳቸው። በ43 ገጽ ውስጥ አንድም ሰው አንድም ነገር አልፈለገም። መርከብ ያርፋል፣ ከተማ ይታያል፣ ሰዎች ይራመዳሉ። እሷ ልክ ነበረች። እኔ ግን ያን ቀን እርሳሱን አስቀምጬ በማሰብ ፈንታ የበለጠ በመሥራት ላሳያት ወሰንኩ። ይሄኛውን ስህተት ከሁሉም በላይ እጸጸትበታለሁ። ከአንባቢ የሚመጣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያምም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው የተነካው ቦታ እውነተኛው ቁስል ስለሆነ ነው። ቢያንስ ሦስት ቀን ሥራውን አቁሙና ጥያቄውን ይዛችሁ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ስድስትና ሰባት ሰዓት ሳልነሳ መሣል ጀመርኩ። ከገጽ 21 ጀምሮ በወረቀት ፈንታ ወደ ታብሌት ዞሬ ነበር፤ ይፈጥናል ብዬ። ከሁለት ወር በኋላ የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት መደንዘዝ ጀመሩ። ሌሊት እያመመኝ እነቃለሁ፤ እጄን ሳራግፈው ይሻለኛል። «ድካም ነው» እያልኩ አንድ ወር አሳለፍኩ። ብርጭቆ ከእጄ ሲወድቅ ነው ሐኪም ጋ የሄድኩት። ሐኪሙ የእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ጫና እንደደረሰበት አስረዳኝ፤ የጣቶቹ መደንዘዝ ከዚያ ነው የሚመጣው። ማታ ማታ አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ እንዳስር፣ ለስድስት ሳምንት ደግሞ እንዳልሥል ነገረኝ።

እባካችሁ ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። አሁን በየ40 ደቂቃው ስልኬ ይጮሃል፤ እነሳለሁ። ረጅም መስመር ስሥል የማንቀሳቅሰው ክርንና ትከሻዬን ነው፤ አንጓዬን የማንቀሳቅሰው ለጥቃቅን ነገር ብቻ ነው። ብዕሩን አጥብቄ አልጨብጥም። ጣቶቻችሁ ደጋግመው የሚደነዝዙ ከሆነ ደግሞ እኔ የጠበቅኩትን አንድ ወር አትጠብቁ። ቶሎ ታዩ።

በእረፍቱ ሦስተኛ ሳምንት የላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ ሞተ። በዚያን ጊዜ 61 ገጽ ደርሼ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ ወረቀት ላይ ስለነበሩ ተረፉ። የቀሩት 41 ገጾች ግን ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበራቸውም። አንድም። ባለሙያም ሊያወጣቸው አልቻለም። ኮምፒውተር የሚያውቁ ሰዎች ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚሉት ዘዴ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለእኔ ይህ ማለት አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ነው። ዓርብ ዓርብ አሥር ደቂቃ ይወስድብኛል።

ከዚያ ተውኩት። ስምንት ወር እርሳስ አልያዝኩም። ፊልም ማየት እንኳ አስጠላኝ፤ ጥሩ ፊልም ባየሁ ቁጥር የጠፉት ገጾች ይታዩኝ ነበር። ስለ ኮሚክ ሲነሳ ወሬ እቀይራለሁ። እዚህ ያላችሁ ካላችሁ፣ ስሜቱን አውቀዋለሁ። ለምን እንደከበደኝም አሁን ይገባኛል። ያጣሁት ገጾቹን ብቻ አልነበረም። «እኔ ይህን የሚሠራ ሰው ነኝ» የሚለውን ነገር ነው።

የመለሰኝ አንድ ፊልም ነው። ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ክሪስ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው «ላ ጄቴ»። ርዝመቱ 28 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሦስተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ ሰው በጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ ይላካል። የሚገርመው ፊልሙ የተሠራው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች መሆኑ ነው። ፎቶ ይመጣል፤ ይቆያል፤ ሌላ ፎቶ ይመጣል። ተራኪ ያወራል። መሃል ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተኛች ሴት ዓይኗን ስትከፍት በእውነት ትንቀሳቀሳለች። በቃ። እኔ ግን መጨረሻው ላይ ሰውየው ሲሮጥ አይቻለሁ ብዬ እምላለሁ። አልሮጠም። የቆሙ ሥዕሎች ነበሩ። ያሮጥኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ ጊዜ አየሁት። ከዚያ በሩ በሦስት ደረጃ የሚከፈትበትን ገጼን ከተረፉት ወረቀቶች መሃል አወጣሁ። ሦስት ክፈፍ አባክኜ ለአንባቢው ምንም ሥራ አልተውኩለትም።

የኮሚክ ሠዓሊው ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ስለ ኮሚክ በሚተነትነው መጽሐፉ ውስጥ ይህንኑ በሁለት ክፈፍ ያሳያል። በመጀመሪያው አንድ ሰው መጥረቢያ አንስቶ ሌላውን ሊመታ ነው። በሁለተኛው የከተማ ሌሊት ይታያል፤ ጩኸት ይሰማል። ምቱ የትም አልተሣለም። መጥረቢያውን የጣለው አንባቢው ነው። በሁለቱ ክፈፎች መሃል ያለው ነጭ ክፍተት ለእኔ እስከዚያ ድረስ ባዶ ወረቀት ነበር። ፊልም ላይ ጊዜውን የሚይዘው ሠሪው ነው፤ ሁለት ደቂቃ ካለ ሁለት ደቂቃ ነው። ኮሚክ ላይ ግን ጊዜው አንባቢው እጅ ነው። ገጹ ላይ ይቆያል፤ ይመለሳል፤ ይዘላል። ጃፓናዊው የኮሚክ ሠዓሊ ካትሱሂሮ ኦቶሞ «አኪራ»ን እ.ኤ.አ. በ1982 በኮሚክ ጀምሮ፣ ኮሚኩ ሳያልቅ በ1988 ራሱ በአኒሜሽን ፊልም ሲያዘጋጀው ከሁለት ሺህ ገጽ በላይ ከሚሆነው ታሪክ አብዛኛውን ትቶታል። የራሱን ሥራ እንኳ እንዳለ ማሻገር አልቻለም፤ እንደ አዲስ ማሰብ ነበረበት። እኔ ደግሞ የሌሎችን ፊልም እንዳለ ላሻግር ስታገል ኖሬአለሁ።

ቀጣዩን ነገር ያመጣው የፊዚክስ መምህር የሆነ አብሮ አደጌ ነው። የተረፉትን ሃያ ገጾች ሲያገላብጥ ማርስ ላይ ያለች ሴት ምድር ካለ ሰው ጋር በስክሪን ስታወራ አየ። «መልሱ በዚህ ፍጥነት እንዴት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሬዲዮ መልእክት የሚሄደው በብርሃን ፍጥነት ነው። ያም ሆኖ ከማርስ እስከ ምድር ለመድረስ ፕላኔቶቹ ሲቀራረቡ ሦስት ደቂቃ ገደማ፣ ሲራራቁ ደግሞ እስከ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። «ሰላም» ብለህ «ሰላም» ለመስማት አርባ ደቂቃ ልትጠብቅ ትችላለህ አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሁለት ክፈፎች መሃል ያለው ክፍተት ሃያ ደቂቃ ቢሆንስ?

ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ። ምድር ላይ ያለች ልጅ ማርስ ላይ ለምትሠራ እናቷ በንዴት «እንዳትመለሺ» ብላ መልእክት ትልካለች፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተጸጽታ የይቅርታ መልእክት ትልካለች። ሁለቱም ይጓዛሉ። እናትየው የመጀመሪያውን ከሰማች በኋላ ሁለተኛው እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ አለ። ታሪኩ እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ናቸው። ልጅቷ አንድ ነገር ትፈልጋለች፤ እናትየውም አንድ ነገር ትፈልጋለች። የእህቴ ጥያቄ መልስ አገኘ።

ስምንት ገጽ ወሰንኩ። ቁጥሩን የመረጥኩት ለሕትመትም ስለሚመች ነው፤ መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ በአራት መካፈል አለበት። ለጀማሪ ከስምንት ገጽ በላይ አልመክርም። እስክትጨርሱ ድረስ ምን እንደማትችሉ አታውቁትም። እኔ መጨረሻ ላይ የደረስኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለነበር ገጽ መዝጋት፣ ታሪክ ማሳረፍ፣ ሽፋን መሥራት ምን እንደሆነ በሦስት ዓመት ያላወቅኩትን በሦስት ወር አወቅኩ።

አሠራሬም ተቀየረ። በመጀመሪያ ስምንቱንም ገጾች የክብሪት ሳጥን በሚያህሉ ትንንሽ ንድፎች አንድ ወረቀት ላይ ሣልኩ። ዱላ የመሰሉ ሰዎች ብቻ። አራት ጊዜ ቀየርኳቸው፤ መቀየሩ አምስት ደቂቃ ስለሚወስድ አያምም። ያለቀ ገጽ መቅደድ ግን ያማል፤ ስለሚያምም አትቀድዱትም፤ ስህተቱም አብሯችሁ ይቀጥላል።

ከዚያ ከሥዕሉ በፊት ቃላቱን አስገባሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድሮ ሥዕሉን ጨርሼ የንግግር ፊኛውን በተረፈው ቦታ እወሽቅ ነበር፤ የሰው ጭንቅላት ይሸፈናል። አሁን ንግግሩን በእጄ ጽፌ፣ ፊኛውን በዙሪያው አድርጌ፣ የቀረውን ቦታ ነው የምሥልበት። መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ከላይ በግራ በኩል ይሁን። በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ የኮሚክ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ፊደላችንም ሲያንስ ቅጥያዎቹ ይጠፋሉ። ቁ እና ቀ፣ ጸ እና ጻ መለየት ያቅታል። ገጹን በሚታተምበት መጠን አውጥታችሁ በክንድ ርቀት ሳታነቡት አትለፉ። የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ አልተነበበም። ንግግሩን በግማሽ ቀነስኩት፤ ታሪኩም ተሻለው።

በጣም የታገልኩት ከገጽ 6 ጋር ነው። ሁለቱ ደቂቃዎች ያሉበት ገጽ። መጀመሪያ የመጣልኝ የፊልም ሐሳብ ነበር፦ ሰዓት ይቆጥራል፤ የእናትየው ዓይን በቅርብ ይታያል፤ እንባ ይወርዳል። ሣልኩት፤ ቀዘቀዘብኝ። ሁሉንም ነገር ነግሬ ጨርሼአለሁ። በመጨረሻ ሦስት ክፈፍ ብቻ ቀሩ። የመላኪያው ቁልፍ ላይ ያረፈ እጅ። ባዶ ወንበር። መስኮት። ቃል የለም። በክፈፎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ደግሞ ከሌሎቹ ገጾች ሦስት እጥፍ አሰፋሁት። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየሞከርኩ ነው ያገኘሁት። ክፍተቱ ሲሰፋ ጊዜው ይረዝማል።

ስለ ሕትመቱ አጠር አድርጌ ልናገር። ጥቁርና ነጭ መስመር ሲሆን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚኖረው የነጥብ ብዛት)፣ ባለቀለም ሲሆን ቢያንስ በ300 ስካን አድርጉ። ሥዕሉ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፋችሁ ሣሉ፤ ሲቆረጥ ነጭ መስመር እንዳይቀር። ጽሑፍ ወደ ጠርዝ አታስጠጉ።

ለሰው ስታሳዩ ደግሞ ዝም በሉ። «ይህ እኮ እንዲህ ለማለት ነው» ብላችሁ አታስረዱ። ዓይኑ የት እንደሚቆም፣ የት ወደ ኋላ እንደሚመለስ ተመልከቱ። አንድ አንባቢ ገጽ 3 ላይ ሦስቴ ተመለሰ፤ ፊኛዎቹ የተሳሳተ ቅደም ተከተል ላይ ነበሩ። ባስረዳው ኖሮ አላገኘውም ነበር።

እህቴ መጨረሻ አነበበችው። አጠገቧ ተቀምጬ ምንም አላልኩም። አምስቱን ገጽ ቶሎ ቶሎ አለፈቻቸው። ገጽ 6 ላይ ስትደርስ ጣቷን በእጁና በባዶው ወንበር መሃል ባለው ነጭ ቦታ ላይ አሳረፈች። ገጹን አልገለጠችም። ቆይታ፣ ቀና ሳትል «ምን ብላ ላከችላት?» አለችኝ።